የዝንጀሮው ፕሮፌሰር በቂርያት ጋት

«በዚህ ዘመን ያልተማረ ሰው ምክንያት የለውም» ይላሉ። ይህን ሲሉ የሰማኋቸው ሁሉ ዲግሪያቸውን ሳሎን የሰቀሉ ሰዎች ናቸው። እኔ በበኩሌ በምክንያት ደኽይቼ አላውቅም። ጎንደር ላይ ማትሪክ ስፈተን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ለጥቂት አመለጠኝ። ደግሜ ልቀመጥ ስል ዘመዶቼ «ኢየሩሳሌም» ብለው ዕቃ መሸጥ ጀመሩ። አዲስ አበባ ወርደን የኤምባሲውን ደጅ ስንጠና ከረምን። በግንቦት 1991 (እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ከዚህ በኋላም ዓመት ስጠራ እንዲያው ቁጠሩልኝ) ከ14,000 በላይ ሕዝብ በ36 ሰዓት ውስጥ ሲጓጓዝ፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ እኔም ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ብብቴ ሥር የፊዚክስ ደብተር ነበረኝ። እናቴ ሙቀጫዋን ጥላ ስትመጣ እኔ የኒውተንን ሕግ ይዤ መጣሁ፤ እስከ ዛሬ ትታዘበኛለች።

ከዚያ ወዲህ ያለው የብዙዎቻችን ታሪክ ነው፤ መርካዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ)፣ ኡልፓን (የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት)፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ፣ ማሽካንታ (የቤት ብድር)። ባግሩት የሚሉት የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ የለኝም፤ ፕሲኮሜትሪ የሚሉትን ፈተና በሩንም አላየሁት።

የምኖረው ቂርያት ጋት ነው። ለማያውቃት፣ ከቴል አቪቭ ወደ ቤር ሼቫ በሚወርደው የባቡር መስመር ላይ ያለች፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአዲስ ገቢዎች የተቆረቆረች ከተማ ናት። መጀመሪያ ከሰሜን አፍሪካ የመጣው ገባባት፤ ኋላ ሩሲያውያኑ፤ ኋላ እኛ። በአንድ ወቅት በስኳርና በጨርቃ ጨርቅ ትታወቅ ነበር። ዛሬ ዳርቻዋ ላይ የኢንቴል የቺፕ ፋብሪካ ሌሊቱን ሙሉ መብራቱን አብርቶ ያድራል። እኔም አብሬው አድራለሁ፤ በእርግጥ ኢንቴል ውስጥ አይደለም። ከኢንዱስትሪው ሠፈር ራቅ ብሎ ያለ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ነኝ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ባዶ ካርቶን ነው። ባዶ ካርቶን ሊሰርቅ የመጣ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ስለዚህ ሥራዬ ከሌባ ጋር ሳይሆን ከእንቅልፍ ጋር መታገል ነው።

ልጄ አሳዘንኳትና «አባ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከምትቆዝም ይህን ስማ» ብላ ፖድካስት የሚባለውን ነገር ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። መከራዬም ትምህርቴም ያን ቀን ጀመረ።

መጀመሪያ የያዝኩት በዕብራይስጥ ያለውን ነው። ራን ሌቪ የሚባለው ሰው ከ2007 ጀምሮ ስለ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ታሪክ የሚተርከውን ሰማሁ። ቀጥሎ ዩቫል ኖዓ ሐራሪ በኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰው ዘር ታሪክ ያስተማረውን፣ ተማሪ ሲያስነጥስ ሳይቀር፣ ከዳር እስከ ዳር ጨረስኩ። ነገሩ አዲስ ግኝት መስሎኝ ለሥራ ባልደረባዬ ብነግረው፣ ያ አዛውንት ሩማኒያዊ ሳቀብኝ። የጦሩ ሬዲዮ ጋሌ ጻሃል ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በሬዲዮ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ የከፈተው በ1977 ነው አለኝ። በዚያ ዓመት እኔ ጎንደር ግልገል እጠብቅ ነበር። ቢሆንም አልተሸነፍኩለትም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ለሰብለ ወንጌል ሲጨነቅ የነበረው ምን ነበር፣ ፖድካስት ካልሆነ? ብቻ ይህን ለሩማኒያዊው ማስረዳት ሌላ ኮርስ ይጠይቃል።

ዕብራይስጡን ሳዳርስ ወደ እንግሊዝኛው ተሻገርኩ። እዚያ የጠበቀኝን ብዛት ማመን አቃተኝ። ኤም አይ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ተቋም የኮርሶቹን ማስታወሻና ፈተና ለዓለም በነፃ እለቃለሁ ብሎ ያወጀው በ2001 ነው። ሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዬል ደግሞ በ2007 መጨረሻ ክፍል ውስጥ በካሜራ የተቀረጹ ሙሉ ኮርሶችን መልቀቅ ጀመረ። በ2012 ኮርሴራ የሚባለውን የኢንተርኔት መማሪያ ከመሠረቱት ከሁለቱ መምህራን አንዷ ዳፍኒ ኮለር የኢየሩሳሌም ልጅ ናት። እዚህም አገር «ካምፓስ አይ ኤል» የሚባል መማሪያ በ2018 ተከፍቶ በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ኮርስ ይሰጣል። በ1974 የተቋቋመው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ ባግሩት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ክፍያ ነው፤ ያም ሆኖ ከመማሪያ መጻሕፍቱ የተወሰኑትን በኢንተርኔት ለማንም ክፍት አድርጓቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተዘጋ በር መስሎኝ ያለፍኩት አጥር እንኳ አልነበረውም ማለት ነው። ቋንቋና ጊዜ ያለው ይግባ ነው ነገሩ። ጊዜው ሌሊት ሌሊት ነበረኝ። እንግሊዝኛዬም የማትሪክ ዝገቱ ሲራገፍ፣ ከሥር ከሚጻፈው ጽሑፍ ጋር ተጋግዞ ያደርሰኝ ጀመር።

የመጀመሪያው ጉዳት የደረሰው በከተማዬ ላይ ነው። ቂርያት ጋት ስሟን ያገኘችው ከጎልያድ አገር ከጌት ነው። መሥራቾቿ አጠገባችን ያለውን ቴል ዔራኒ የሚባል ጉብታ የጥንቷ ጌት ፍርስራሽ ነው ብለው ገምተው ነበር። ኋላ ጉብታው ሲቆፈር ጌት አለመሆኑ ታወቀ። ትክክለኛዋ ጌት ወደ ሰሜን ራቅ ብላ ቴል ጻፊት ላይ ያለችው ናት፤ የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲው አሬን ማይር ከ1996 ጀምሮ ብዙ ክረምት ያስቆፈሩት እሷን ነው። እኚህ ሰው በኢንተርኔት የአርኪኦሎጂ ኮርስ አላቸው። ዕውቀት ለብቻ አይበላምና ጠዋት ከሥራ ስወጣ እንጀራ መሸጫው ሱቅ ገብቼ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ «ከተማችን የጎልያድ ከተማ አይደለችም» ብዬ አወጅኩ። ሰው ዝም አለ። አንድ ጎረቤቴ ብቻ ዞር ብሎ፣ «ታዲያ ኪራይ ይቀንሳል?» አለኝ።

ሁለተኛው አደጋ የደረሰው በሥራ ላይ ነው። የሃርቫርዱ ማይክል ሳንደል ስለ ፍትሕ የሚያስተምረው ኮርስ በ2009 በነፃ የተለቀቀ ነው። መጀመሪያው ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ፍሬኑ የተበላሸ ባቡር እየበረረ ነው። ፊት ለፊቱ ሐዲድ ላይ አምስት ሠራተኞች አሉ፤ መሪውን ካዞርከው ግን በሌላው ሐዲድ ላይ ያለውን አንድ ሰው ይገድላል። ምን ታደርጋለህ? ተማሪዎቹ «አንዱ ይሙት» «የለም፣ አንነካውም» ይባባላሉ። እኔ ደሜ ፈላ። አምስት ሰው ሐዲድ ላይ ሲሠራ ጥበቃቸው የት ሄዶ ነው? ባንዲራ ይዞ የሚቆም አንድ ጥበቃ መቅጠር ያልቻለ ድርጅት እያለ እንዴት ፍርዱ በሾፌሩ ላይ ይወርዳል? ከወንበሬ ተነስቼ ይህንኑ ለሳንደል በአማርኛ አስረዳሁት። እጄንም ሳላወናጭፍ አልቀረሁም።

ስልኩ ጮኸ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ነው።

«ከማን ጋር ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ ማንን ነው የምትቆጣው?»

«ሃርቫርድን።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪው በመኪና ደረሰ። ትንፋሼን አሸተተ፤ ቴርሞሴን ከፍቶ አሸተተ። ቡና መሆኑን ሲያረጋግጥ ቅር ያለው መሰለኝ። መዝገቡ ላይ «ለብቻው ያወራል፤ በተረፈ ንቁ ነው» ብሎ ጽፎ ሄደ። እውነቱን ነው፤ ለብቻዬ ነበር የማወራው። ፕሮፌሰሩ ይናገራል እንጂ አይሰማኝም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች እጃቸውን ሲያወጡ መልስ ያገኛሉ፤ እኔ ሳወጣ ካሜራ ያየኛል።

ሦስተኛው በባቡር ነው። ከቴል አቪቭ ሰርግ አምሽቼ ስመለስ የዬሉን ፖል ፍሪድማን ስለ መካከለኛው ዘመን መጀመሪያ የሚሰጡትን ኮርስ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ነበር። የደረስኩት የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዘመን ላይ ነው። በዚያ ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ላይ ነግሦ የነበረውን ንጉሥ ዩሱፍን እንደወጋ ከሌላ ቦታ አውቃለሁ። ይህ ዩሱፍ እንደ እኛ አይሁዳዊ ነበር። እንግዲህ ፕሮፌሰሩ አሁን አክሱምን ይጠራሉ፣ አሁን ይጠራሉ እያልኩ ስጠብቅ ቂርያት ጋት አለፈችኝ። ላሃቪምም አለፈችኝ። ጠርተው ይሁን ሳይጠሩ ሳላረጋግጥ ባትሪዬ አለቀ። ቀና ብል የጣቢያው ስም «ቤር ሼቫ ሰሜን፣ ዩኒቨርሲቲ» ይላል። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ደረስኩ።

የሚመልሰኝ ባቡር እስኪመጣ ድልድዩን ተሻግሬ እስከ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ አጥር ተንሸራሸርኩ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ የእኛው ሰው ነው። ከሰላምታ በፊት ተያይተን ሳቅን።

«ምነው በዚህ ሰዓት? ልጅህ እዚህ ይማራል?»

«የለም፣ እኔ ነኝ የምማረው። ግን እዚህ አይደለም፣ ዬል ነው።»

እንደ ተቆጣጣሪው ትንፋሼን ሊያሸት ቃጣው መሰለኝ፣ ጠጋ አለ። የካሌብንና የዩሱፍን ነገር ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝና፣ «ቆይ፣ አንደኛው የእኛው አገር ንጉሥ ነው፣ ሌላው የእኛው ሃይማኖት ንጉሥ ነው። እኛ ታዲያ ከየትኛው ወገን ነበርን?» አለኝ።

ከሰማኋቸው ፕሮፌሰሮች አንዳቸውም ይህን ጥያቄ አንስተውልኝ አያውቁም። በሩ ላይ ሁለት ጥበቃዎች ቆመን ባቡሬ እስኪደርስ ተከራከርን። መልስ አላገኘንም፤ ነገር ግን ከብዙ ወራት የጆሮ ትምህርት በኋላ የመጀመሪያዬ ሴሚናር እሱ ነበር፣ በአማርኛ።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ክሪስቲን ሄይስ የሚባሉ መምህርት ዬል ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማሩበት ኮርስ አለ፤ እነሱ ብሉይ ኪዳን ይሉታል፣ እኛ ኦሪት እንላለን። ከጀርመናዊው ዩሊየስ ቬልሃውዘን ጀምሮ ሊቃውንቱ ሲከራከሩበት የኖረውን ሐሳብ ያብራራሉ፤ አምስቱ መጻሕፍት በተለያየ ዘመን ከተጻፉ አራት ምንጮች የተጋመዱ ናቸው የሚለውን። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይህንን እየሰማሁ፣ ኦሪትን በግዕዝ ያነበነቡ ቄስ የሆኑት አማቴ ከተፍ አሉ።

«ምን እየሰማህ ነው?»

«ኦሪት ነው፣ አባ።»

«ተባረክ። ማን ነው የሚያስተምረው?»

«አሜሪካ ያሉ አንዲት ፕሮፌሰር ናቸው።»

«ምን ይላሉ?»

ከዚህ በኋላ መዋሸት ነበረብኝ፤ ዕለቱ ግን ዓርብ ነው። «ኦሪትን የጻፉት አራት እጆች ናቸው ይላሉ፣ አባ።»

ዳቦ ስትሸፍን የነበረችው ባለቤቴ ባለችበት ቀረች። ልጆቹ ስልካቸውን አስቀመጡ። ሽማግሌው ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፦

«አራቱም ሰንበትን አክብር ብለዋል?»

«አዎ፣ አራቱም ብለዋል።»

«እንግዲያው ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ዝጋው።»

ዘጋሁት። ስለ አራቱ ምንጮች ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ አጥሮ የተፈረደበት ቦታ ግን አልገጠመኝም።

ሳይንሱንም ሞክሬዋለሁ። ከሌሊት ወንበሬ ፊት ለፊት የቺፕ ፋብሪካው ያበራል፤ ውስጡ ምን እንደሚሠራ ግን ከከተማው ሰው ስንቱ ያውቃል? ኖዓም ኒሳንና ሺሞን ሾከን የሚባሉ ሁለት እስራኤላውያን መምህራን ሙሉ ኮምፒዩተር ከምንም ተነስተህ እንድትሠራ የሚያስተምር ነፃ ኮርስ አላቸው። መነሻው «ናንድ» የሚባል ትንሽ በር ብቻ ነው፤ ሁለት ግቤቶች አሉት፣ ሁለቱም «አዎ» ካሉ «አይደለም» ይላል፣ ከዚያ ውጭ ሁልጊዜ «አዎ» ይላል። ከዚህች አንዲት እልኸኛ በር ተነስቶ መደመሪያ ይሠራል፣ ማስታወሻ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ ቴትሪስ የሚያጫውት ኮምፒዩተር ይሆናል። እኔ መደመሪያው ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ። ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን ከመሠረቱ ለማረጋገጥ ሌሊቱን ፈጅቼ ጠዋት ሱቅ ስገባ ባለሱቁ መልስ አጉድሎ ሰጠኝና ሳላስተውል ወጣሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንግባ።

ሠፈራችን ውስጥ የሽማግሌዎች ሞዓዶን፣ ማለትም መሰብሰቢያ ክበብ፣ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ እኔም ስልኬን ከትልቁ ስፒከር ጋር በብሉቱዝ አገናኝቼ የአማርኛ ትረካ አሰማለሁ። የሸገር ሬዲዮው እሸቴ አሰፋ በ«መቆያ» የሚተርከውን ታሪክ ይወዱታል። የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ሲሆን ደግሞ እንግዳው ተናግሮ ሳይጨርስ እነሱ መልስ ይሰጣሉ። በዚያ ማክሰኞ መቆያውን ከፍቼላቸው ዳቦ ላመጣ ወጣሁ። ትረካው አለቀ። ስልኩም፣ ማንም ሳያዘው፣ እኔ ሌሊት ካቆምኩበት ቀጠለ።

ሌሊት ያቆምኩት ሮበርት ሳፖልስኪ ላይ ነበር። የስታንፎርድ መምህር ነው፤ በ2010 ስለ ሰው ልጅ ባሕርይ ሥነ ሕይወት ያስተማራቸው ሃያ አምስት ክፍሎች በነፃ ይገኛሉ። ስለ ጂን አለ፣ ስለ አንጎል አለ፣ ስለ ጠበኝነት አለ። እኔ ያቆምኩበት ግን፣ ምን ላድርግ፣ ስለ ወንድና ሴት የአልጋ ጉዳይ የሚያስተምርበት ነው።

ዳቦውን ተሸክሜ ስመለስ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናቶችና አባቶች በነጠላቸው ተሸፋፍነው በአክብሮት ተቀምጠዋል። ጎርነን ያለ የፈረንጅ ድምፅ አዳራሹን ሞልቶታል። ወሬ እንኳ የለም፤ የተማረ ሰው ሲናገር መሃል መግባት ነውር ነዋ። ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችው፣ እንግሊዝኛ የምትሰማው የማኅበራዊ አገልግሎት ተማሪ ብቻ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ምን እያለ ነው ይሄ ሰውዬ?» አሏት።

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ ዳቦውን አየሁ።

«ስለ… ስለ ዝንጀሮ ነው እማማ። የዝንጀሮ… ትዳር።»

እንደ እውነቱ ከሆነ ጨርሳ አልዋሸችም። ሳፖልስኪ ከሃያ ዓመት በላይ ኬንያ ማሳይ ማራ እየተመላለሰ ዝንጀሮዎችን ያጠና ሰው ነው። ስልኩን ለማጥፋት ስሮጥ ግን፣ ከወደ ጥግ አንድ አባት ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱና፦

«ተወው፣ ይናገር። ዝንጀሮ ከሆነ እኔም አውቃለሁ።»

እኚህ ሰው የስሜን ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ገብስ ከጭላዳ ዝንጀሮ ሲጠብቁ አድገዋል። ተነስተው ቆሙና ስታንፎርድን በድምፅ ብልጫ ረቱት። ጭላዳ ሣር ነጭቶ የሚኖር እንስሳ መሆኑን፣ ሲመሽ ከገደል አፋፍ ወርዶ እንደሚያድር፣ ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት እንዳለው ነገሩን። «ወንዱ ጋሜውን ነስንሶ ሲጎማለል ጌታ ይመስልሃል» አሉ። «ቤቱ ግን የሴቶቹ ነው። እነሱ ከጠሉት ሌላው መጥቶ ያባርረዋል፤ ዞረውም አያዩትም።» እናቶቹ በአንድ ድምፅ «እሰይ!» አሉ። ሰውየው ይህን ሲሉ ጭላዳን ያጠኑ ተመራማሪዎች ከደረሱበት አልራቁም፤ የጭላዳ ቤተሰብ ምሰሶ በእርግጥም ተዛማጅ ሴቶቹ ናቸው።

«ይህ ፈረንጅ ዝንጀሮ በመጠበቁ ደሞዝ ይከፈለዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ አባባ። ፕሮፌሰርም ተብሏል።»

«እኔን ቆሎ ነበር የሚሰጡኝ» አሉና ተቀመጡ።

ነውሩ በዚያ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስፒከሩን ሳልሰካ፣ «የዝንጀሮው ሰውዬስ?» ተባልኩ። እንግዲህ ሌሊት የሰማሁትን አጥርቼ፣ ለነጠላና ለዘንግ የማይሆነውን አስቀርቼ፣ በአማርኛ እነግራቸው ጀመር። በ1980ዎቹ ሳፖልስኪ ከሚያጠናው መንጋ ጉልበተኞቹ ወንዶች ብቻ ወደ አንድ የቱሪስት ማረፊያ ቆሻሻ መጣያ እየሄዱ፣ ከሌላ መንጋ ጋር እየተጣሉ ትራፊ ይበሉ ነበር። በሳንባ ነቀርሳ የተበከለ ሥጋ በሉና አለቁ። የቀሩት ሴቶቹና ገራገሮቹ ወንዶች ናቸው። መንጋው ሰላም ወረደበት። የሚገርመው ከዓመታት በኋላ ነባሮቹ ወንዶች በሙሉ አልፈው ከሌላ መንጋ የመጡ ወንዶች ሲተኩም ያ ሰላም መቆየቱ ነው። ሳፖልስኪና ሊሳ ሼር ይህን በ2004 አሳትመውታል፤ ዝንጀሮም ጠባይን ከጠባይ ይማራል ማለት ነው።

አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ያ ሥጋ ተርፎ ይሆን? እኛ ሠፈር አንድ ሁለት ቤት ነበር» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁ ሲበርድ ክርክሩ ተነሳ። አንዱ አባት «ክፉ ሞቶ ነው ሰላም የሚገኘው ማለት ነው?» አሉ። ሌላዋ «የለም፣ አዲስ የመጡትን ገራገር ያደረጓቸው ሴቶቹ ናቸው» አሉ። አንድ ሌላ ሰው ነገሩን ወደ ወጣቶቻችን አዞሩት፤ አዲስ አገር የገባ ልጅ የሚመስለው ያገኘውን ነው፣ እኛ ምን አሳየናቸው አሉ። ሃርቫርድ ላይ እጄን አውጥቼ ያጣሁትን ክፍል ቂርያት ጋት ሞዓዶን ውስጥ አገኘሁት።

የዕውቀት ነፃ መሆን ከዚህ ወዲያ እንዴት እንደሚታየኝ ልንገራችሁ። ዋጋው ዜሮ ነው፤ ግን ዜሮ ዋጋ ብቻውን ሰው ጆሮ አይደርስም። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ከ20,000 በላይ የተቀረጹ ትምህርቶቹን ከሕዝብ ዘግቷል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከሥር ጽሑፍ ስለሌለው ልንማርበት አልቻልንም ብለው አቤት ብለው፣ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርም እውነታቸውን ነው ስላለ ነው። ዩኒቨርሲቲው ጽሑፍ ከሚያዘጋጅ መዝጋትን መረጠ። ብዙ ሰው በከሳሾቹ ተናደደ። እኔ ግን እነሱን አልቀየምም። ያ ሁሉ ሺህ ሰዓት ንግግር ሞዓዶናችን ላሉ እናቶችም ዝምታ ነው፤ ጆሯቸው ቢሰማም የሚናገረው በእነሱ ቋንቋ አይደለም። ካምፓስ አይ ኤል በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ዬል በእንግሊዝኛ። በሌላ ወገን የስሜኑ አባት ስለ ጭላዳ የሚያውቁት ነገር በአማርኛ አለ፤ እሱን ደግሞ የቀረጸው የለም።

ሌክቸር መስማት ለጀመረ ሰው ምክሬ አጭር ነው። ዕብራይስጥ የምትሰማ ከሆነ ከካምፓስ አይ ኤልና ከኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነፃ መጻሕፍት ጀምር፤ እንግሊዝኛ ካለህ የዬልንና የኤም አይ ቲን ተመልከት። የወደድከውን ዳውንሎድ አድርገው፣ ነገ ላይገኝ ይችላል። ባቡር ላይ ከሆንክ ጣቢያህን ለጎረቤትህ ንገር። የሰማኸውንም በማግሥቱ ለአንድ ሰው በአማርኛ አውራው፤ ያልገባህ የቱ ጋ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ለእናንተ ለተማራችሁት ልጆቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ ከእኛ ልጆች ሐኪም አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ኢንጂነር አለ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አለ። ስለ ስኳር በሽታ ይሁን፣ ስለ ማሽካንታ ወለድ፣ ስለ አክሱም ወይም ስለ ቺፕ፣ በምታውቁት ነገር ላይ ግማሽ ሰዓት በአማርኛ ተናግራችሁ ቅረጹ። አማርኛችሁ ቢሰባበር አትፈሩ፤ እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ዬልን ጨርሻለሁ። ከዚያ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ አንድ ሽማግሌ ሂዱና የሚያውቁትን ጠይቁ፣ እሱንም ቅረጹ። ሳንቲም አይጠይቅም። ሽማግሌዎቹ ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጀምሩ።